ወይዘሮ አትጠገብ ገብረየስና የአምስት ዓመቱ መድኃኒት

ወይዘሮ አትጠገብ መጋቢት 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ማለዳ በአዲጋላ ባቡር ጣቢያ ሲወለዱ በቤቱ የነበሩት እናታቸው ወይዘሮ ሙሉአለም፣ አባታቸው የሐዲድ ሠራተኛው አቶ ገብረየስ እና እትብታቸውን የቆረጡት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደሃቦ ናቸው። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ አማርኛና ሶማልኛን እኩል እየተናገሩ አደጉ። በ1974 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ ተክለማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቢታንያንና መልአክን አፈሩ።

በ1984 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ጅግጅጋ መጣ። ወይዘሮ አትጠገብ በገበያው የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ፤ ባለቤታቸውም በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸውን ተከሉ። የጎን ሱቅ የወይዘሮ ሆዶ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ደንበኛ ሲነጣጠቁ ውለው አመሻሹ ላይ እየተሳሳቁ አብረው ወደ ሰፈር ይመለሱ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. በግራ ጡታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሲመለሱ፣ በሽታው እንዳያገረሽ ለአምስት ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላቸው። ሰኔ ላይ ጀመሩት። ወር ሳይሞላ ከደረታቸው ተነሥቶ ፊታቸውን የሚለበልብ ሙቀት ያዛቸው። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ቀን ጨርቅ እየለኩ ሳለ ላቡ ከግንባራቸው ይወርዳል። ገበያተኛው ወባ ነው እያለ ይሸሻቸው ጀመር። አቶ ተክለማርያም ደግሞ ምች መስሏቸው መስኮቱን ዘግተው፣ ዳማከሴ አሽተው እያጠጡ፣ በሁለት ጋቢ ይጠቀልሏቸው ነበር። ወይዘሮ ሆዶ ሊጠይቁ መጥተው ይህን ሲያዩ፣ «አቦ ተክለማርያም፣ ሚስትህ ሊጥ ናት እንዴ እንዲህ የምትሸፍናት?» አሉ።

በ2003 ዓ.ም. ከገና በኋላ ላቡ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። አቶ ተክለማርያም ዳማከሴውን አመሰገኑ። ወይዘሮ ሆዶ ግን አላመኑም። ከዚያው ሰሞን ጀምሮ ወይዘሮ አትጠገብ በፌስታል የታሰረ ዕቃ አደራ ብለው እየሰጧቸው፣ እሳቸውም በሱቃቸው ያስቀምጡላቸው ነበር። የአደራ ዕቃ ፈትቶ ማየት በገበያው ትልቅ ነውር ነው። ወይዘሮ ሆዶ ግን ሚያዝያ ላይ ፈቱት። የአራት ወር ኪኒን ነበር፤ አንዱም አልተነካም።

ዕቃውን ይዘው ነርስ ወደሆነችው ልጃቸው ወደ ዐኒሳ ሄዱ፤ በዚያው ዕለት እናትና ልጅ ተያይዘው መጡ። ወይዘሮ አትጠገብ አደራዬን በላሽ ብለው ተቆጡ። ቁጣው ሲበርድላቸው እንቅልፍ ማጣታቸውን፣ በቅዳሴ ሰዓት ነጠላቸው ሲርስ ሰው እየራቃቸው ማፈራቸውን ተናገሩ። ዐኒሳም፣ «እትዬ፣ ይህ ወባም ምችም አይደለም፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ላቡን እናበርደዋለን፤ ኪኒኑን ግን ያለ ሐኪም አይተዉም» አለቻቸው።

ሐኪማቸውን አማክረው ኪኒኑን ቀጠሉ። ጋቢው ተነሣ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ትኩስ ሻይና በርበሬ ቀነሱ። አቶ ተክለማርያም ከስስ ጥጥ ሽቲ፣ ሰፊ የቤት ቀሚስ፣ ሰፉላቸው፤ ሲርስ የሚቀየር ሌላም በራስጌ ተቀመጠ። ሙቀቱ ሲመጣ ቀዝቃዛ ውኃ ተጎንጭተው በዝግታ መተንፈስ ለመዱ። ላቡ ጨርሶ አልጠፋም፤ የሚቻል ሆነ እንጂ። ያቋረጡትን አራት ወር ጨምረው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. አምስቱን ዓመት ፈጸሙ። ያው መድኃኒት የታዘዘላቸው ሴቶች ምክር ፍለጋ ሲመጡ፣ እሳቸው አስቀድመው የሚጠይቁት ባል መስኮት ይዘጋ እንደሆነ ነበር።

በመስከረም 2010 ዓ.ም. ሕመሙ ወደ አጥንታቸው ተዛምቶ ተገኘ። ያ አራት ወር ይሆን ወይ ብለው ሐኪማቸውን ጠየቁ። ሐኪሙም ይህን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገሯቸው። ወይዘሮ አትጠገብ ዳግመኛ አልጠየቁም፤ ለወይዘሮ ሆዶም ፌስታሉን ስለፈቱት አመሰገኗቸው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። የታገሡትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ውኃ ዘንድ ያኑርልን።

ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈጸማል።