ሴበሯ ያጋለጠችኝ

ጌትዬ፣ የኔ ጌታ፤ ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን ነህ እንዳልልህ መልስ የለህም። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል።

ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። ራዲዮው ተበላሽቷል። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ ወገቤን ጨረሰው። የስዊሶቹ ጄቶች ዛሬም በጣሪያችን ላይ ያልፋሉ፤ አንተ መብላትህን ትተህ በድምፁ ብቻ ዓይነቱን ትነግረኝ ነበር፣ እኔ መስኮት እዘጋለሁ።

አንድ የምናዘዝልህ ነገር አለ። መሞትህን ለእናትህ አልነገርኩም። መርዶ በስልክ አይነገር፣ ማልዶ ሄዶ የሚያረዳ ዘመዳችንን ደግሞ ደርግ በትኖታል። ደብረ ዘይት ብቻቸውን ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነው። ስለዚህ በስምህ መጻፌን ቀጠልኩ። ድሮስ አንተ እየተናገርክ የምጽፈው እኔ አልነበርኩም? የዙሪክም የጄኔቫም አበሻ ምስጢሬን ጠበቀልኝ። ደብዳቤውን ይዤ በባቡር ጄኔቫ አጠገብ ቬርኒየ ድረስ እሄድና ወደ አገር ቤት ለሚገባ ሰው እሰጣለሁ።

እናትህ ከአንተ የለመዱት የሴበርን ወሬ ነዋ! በጃንሆይ ጊዜ አየር ኃይል ውስጥ ሞተሯን ስትፈታና ስትገጥም የኖርክላት ጄት። ክንፏ ወደ ኋላ የዞረ፣ አፍንጫዋ ላይ ስድስት መትረየስ ያላት፣ አሜሪካኖች ኮርያ ላይ የተዋጉባት። የማስታውሰውን ሁሉ ጻፍኩ። ቀጥ ብላ እየበረረች ከድምፅ ትፈጥናለች ብዬም ጨመርኩ። ወይ እኔ! ቁልቁል ስትወረወር ብቻ ነው ብለህ መቶ ጊዜ ነግረኸኛል።

ደብዳቤውን የሚያነብላቸው አብሮህ መካኒክ የነበረው ታደሰ ነው። እዚያ ሲደርስ ንባቡን አቋረጠ። እናትህ ለምን አቋረጥክ ብለው ያዙት፤ ጌታቸው ይህን አይሳሳትም አለ። የእናት ነገር፣ ተናጋሪው አንተ እንዳልሆንክ፣ መሞትህም ወዲያው ገባቸው።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ትናንት በደረሰኝ መልሳቸው ነው። ካወቁ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። አልቅሰውልሃል፣ ተዝካርህንም አውጥተዋል። ማወቃቸውን ከሰማሁ መጻፍ የማቆም መስሏቸው ደብቀውኝ ኖሩ። አሁን የነገሩኝ ለእኔ አዝነው ነው፤ ብቻሽን ተሸክመሽ አትለቂ፣ ልጄ አልቅሺ ይላሉ። ደብዳቤውን ግን እንዳላቋርጥ፤ ስለ ሴበር የተሳሳትኩትን ታደሰ ያርማል አሉኝ።

ዛሬ ከሥራ ቀርቼ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አለቀስኩልህ። አልረሳህም ጌትዬ፤ እሳቸውና እኔ እስካለን ስምህ ከቤታችን አይጠፋም። ካለቀስኩ በኋላ ወረቀት አወጣሁና በራሴ ስም ጀመርኩላቸው። እማዬ፣ ጌታቸው ሞቷል፣ አልኩ። እስከ ዛሬ ለማንም ጽፌው አላውቅም።