ከጠመንጃህ አትለይ

ኅዳር 2

ቀኑ እንደ ወትሮው። ከጉና የወረደው ጭጋግ እስከ ረፋድ አልገፈፈም። ከትምህርት በኋላ ኢልያስ መጣ። ከእህቱ ከሰዓዳ የጨርቅ ሱቅ ጎን ስልክ ይጠግናል። ነፋስ መውጫ ያለ አንድ የረድኤት ድርጅት አስተርጓሚ ሊቀጥር ስለሆነ ለፈተናው አዘጋጀዋለሁ።

የምንሠራው በእንግሊዝኛ ፈሊጦች ላይ ነው። ዘዴዬ አልተለወጠም፦ በመጀመሪያ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለስ፣ ቀጥሎ ትርጉሙን መጻፍ፣ በመጨረሻ መነሻውን መመርመር። ካልታወቀ፣ አልታወቀም ማለት። መገመት ክልክል ነው።

የዛሬው፦ "ባቄላውን ደፋው"። ምስጢር አወጣ ማለት ነው።

"መምህርት፣ ባቄላ ቢደፋ ምን ምስጢር ይወጣል? እናቴ ብትሆን ከነአፈሩ ታስለቅመኝ ነበር እንጂ።"

መነሻው? አልታወቀም ብዬ ጻፍሁ።

"ሁልጊዜ አልታወቀም! ገንዘብ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ እከስዎት ነበር" አለኝ።

ኅዳር 5

ኢልያስ ፈሊጦቹን ቃል በቃል እየመለሰ በስልክ መልእክት ይልክልኛል፤ እኔም በዚያው ቋንቋ እመልሳለሁ። "ድመቷን ከጆንያው አወጣኋት" አለ። ስለ ፈተናው ለሰዓዳ ነግሯታል ማለት ነው። ለሌላ ሰው እብደት ይመስላል... ለልምምድ ግን ይጠቅማል።

ኅዳር 9

ኢልያስ ለፈተናው ማለዳ ወደ ነፋስ መውጫ ተሳፈረ። ላክሁለት፦ "እግርህን ስበር። ጥይቱን ንከስ። ከጠመንጃህ አትለይ።" ይቅናህ፣ ጭንቀቱን ችለህ እለፈው፣ ባመንህበት ጽና ማለቴ ነው።

መልስ አልመጣም። ኔትወርክ ይሆን?

ከቀትር በኋላ። ሰዓዳ ሱቋን ሳትዘጋ መጣች። ገሳይ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ተሳፋሪውን አስወርደው ስልክ ፈትሸዋል። ሁሉም ሲያልፍ ኢልያስ ቀረ። ሹፌሩ ነው የነገራት።

"እመቤት፣ ምንድን ነው የላክሽለት?"

ነገርኋት።

"ጠመንጃ? ወላሂ ወንድሜ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል! ጠመንጃ?"

"ፈሊጥ ነው፣ ሰዓዳ። ጽና ማለት ነው።"

"ታዲያ ጽና አትዪውም ነበር?"



ኅዳር 10

መዝገበ ቃላቱን ይዤ ገሳይ ሄድሁ። መርማሪው ስሙን አልነገረኝም። ወንበር ሰጠኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱ አላረጋጋኝም።

"እርስዎ ነዎት ጥይት የሚያስነክሱት?" አለ። አብረውት የነበሩት ሳቁ።

በ"እግርህን ስበር" ጀመርሁ። ተዋናዮች ወደ መድረክ ሲወጡ የሚባሉት ነው። መነሻው በርግጠኝነት አይታወቅም። አንዳንዶች ግን መልካም ምኞት በግልጽ ከተነገረ ክፉ ዓይን ይጠራል ከሚል ፍርሃት የመጣ ነው ይላሉ።

ፊቱ ፈታ አለ። "እናቴም ቡዳ እንዳይበላኝ 'ይኼ ፉንጋ' ትለኝ ነበር። ይኸ ገብቶኛል። ጥይቱስ?"

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። አልዋሸሁም። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን የቆሰለ ወታደር ሲታከም ጥይት ይነክስ ነበር ይባላል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው አልሁ።

"ወታደር።"

"አዎ፣ ነገር ግን..."

"ጠመንጃውስ?"

"ጠላት ሲመጣባቸው ከመሣሪያቸው ሳይሸሹ የሚቆዩ ተኳሾች..."

"እንግዲህ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። እኛ አላልንም፤ እርስዎ ነዎት ያሉት።"

መነሻና ትርጉም አንድ እንዳልሆኑ ስገልጽለት ጽፎ ጨርሷል። ኢልያስን ሳላየው ተመለስሁ።

ኅዳር 11

አስተማርሁ። ምን እንዳስተማርሁ አላስታውስም።

ኅዳር 14

መርማሪው ደወለ። ሰላምታው ረጅም ነበር። ከሌሎች ሰዎች ስልክ የተገኙ፣ የማይገቡ መልእክቶች አሉ። "ትርጉማቸውን ከነመነሻቸው ይጽፉልናል። ልጁም ወደ ቤቱ ይገባል።" በዚህ ቅደም ተከተል ነው የተናገረው። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

"እርስዎ የቋንቋ ሰው ነዎት" አለ።

ኅዳር 16

ወረቀቶቹ መጡ። አብዛኛው የፍቅርና የእህል ዋጋ ወሬ ነው። "ሆዴ ተቃጠለ" ከሚለው ሥር ተሰምሮበታል። ምን ይቃጠላል ብለው ነው? በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች... የፈራ ሰው ሁሉንም ቃል በቃል ያነባል ማለት ነው?

ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን ጻፍሁ። እውነቱን ብጽፍ ማንንም አይጎዳም ብዬ። አንዱ፦ "እንግዶቹ ከእብናት ሲመጡ በሬው ይታረዳል።" ፈሊጥ አይደለም፤ እንዳለ የሚወሰድ ነው አልሁ። ትክክል ነው።

ኅዳር 20

ኢልያስ ተፈታ! ሱቁ ሄድሁ። ከስቷል።

"እንኳን ለቤትህ አበቃህ።"

"አሜን፣ መምህርት።" ካቻቢቴውን ከእጁ አላስቀመጠም። የፈተናው ቀን አልፏል፤ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገረም።

ሰዓዳ ጨርቅ እያጠፈች፦ "በምን ለቀቁት? ሌሎቹ የታሰሩት እኮ እዚያው ናቸው።"

የጨርቁን ሌላ ጫፍ ይዤ አብሬያት አጠፍሁ።

"ከእብናት ለሠርግ የመጡትን እንኳ ኬላ ላይ ጠብቀው ይዘዋቸዋል አሉ። ሙሽራው ሳይቀር። በሬው ታርዶ ድንኳን ሥር ቀረ።"

መደርደሪያውን ያዝሁ። ኢልያስ ቀና ብሎ አየኝ... ረጅም ጊዜ አየኝ። ወሬውን ከመፈታቱና ከእኔ ጋር ያገጣጠመው መሰለኝ።

ኅዳር 27

ሁለተኛው ጥቅል መጣ። በዚህኛው አልጠየቁኝም፤ ላኩት ብቻ።

መካከል ላይ ኢልያስ ለሰዓዳ የላከላት መልእክት አለ። "ከበርጩማዋ ርግብ ራቂ። ከመጣች ስለ ጨርቅ ብቻ አውሪ።" በቀይ ተሰምሮበታል። ትርጉም? መነሻ?

ይህን አላስተማርሁትም። ራሱ ፈልጎ ያገኘው ነው። አዳኞች አንዲት ርግብ በርጩማ ላይ ያስራሉ፤ ሌሎቹ እሷን አይተው ሲወርዱ መረቡ ይጣልባቸዋል፤ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ትርጉሙ ጠቋሚ ማለት ነው።

እኔን ነው።

ስልኩ እንደሚነበብ ስለሚያውቅ በጨዋታችን ቋንቋ ጻፈ። አንባቢዋ እኔ እንደምሆንስ? ያውቅ ይሆን?

ትክክለኛውን ብጽፍ ነገ ተመልሶ ይገባል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈታው የለም።

 በንጹሕ ጽሕፈት ጻፍሁ፦

ትርጉም፦ ከቤቷ የማትወጣ ጭምት ሴት። "ራቂ" የተባለው አታስቸግሪያት ለማለት ነው።

መነሻ፦ ርግብ ለኖኅ የሰላም ምልክት ይዛ ከመመለሷ የተወሰደ።

ማስረጃ፦ የተረጋገጠ።

ኅዳር 28

መርማሪው ደወለ። ሁሉም ግልጽ ሆኖላቸዋል። "እንደ እርስዎ እውነቱን የሚጽፍልን ሰው አላገኘንም" አለ።

ሦስተኛው ጥቅል በመንገድ ላይ ነው።