የአባባ ቲነርና የዘከሪያ ውሃ

ለተከበርከው የኬሚስትሪ ሊቅ፣ ቻይና ላለኸው ወንድሜ ዘከሪያ፤ ሰላምታዬ ከነመሳለሚያ ጫጫታው ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ፓላዲየም በሚሉት ብረት መድኃኒት ስትቀምም፣ ቲነር ውስጥ ያለውን ቶሉይን የሚሉትን መርዘኛ ማሟሚያ ትተህ በውሃ፣ በእሳት ፋንታ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ እንደምታበስል ለአባባ ቀለም ሱቁ ሄጄ ነገርኩት። «ድምፅ ቢያበስል መርካቶ እስካሁን ባረረች!» ብሎ ደንበኛ አሳቀ።

ድሮ ቲነሩን ራሱ አሽትቶ ነበር የሚሸጠው፤ ዘንድሮ ደንበኛውን ያስሸትትና ፊቱን ያያል። ደንበኛ ማክበሩ ነው።

ትናንት መብራት ጠፋ። የቲነሩ ጀሪካን አባባ ወንበር ሥር ፈስሶ ጎረቤቱ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲሮጥ፣ አባባ ሻማ ሊለኩስ ክብሪት ይዞ «ምን ሆናችሁ?» አለን።

ክብሪቱ አሁን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ውሃህ ቀለምም ያቀጥን እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ለወሬ ያህል ነው።

አላህ ከነድምፅህ ይጠብቅህ።
እህትህ ሀጅራ