ጓድ ደምሴ ሚዛን ላይ ሲወጣ

ሰኞ

ጓድ ደምሴን እበቀለዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ገና አላውቅም። ግን እበቀለዋለሁ።

ልጄ ትዕግስት ከቅዳሜ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። የክፍለ ሀገሩ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ ላይ መጨረሻ ሁለት ልጆች ቀሩ፤ እሷና ጫልቱ የምትባል የቡሬ ልጅ። ያሸነፈችው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄዳ ትወዳደራለች። ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ነው፦ በሞተር የሚሄድ አውሮፕላን ሠርቶ መጀመሪያ የበረረው ማነው? ትዕግስት ቀድማ መለሰች። ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች፣ ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ አለች። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ጓድ ደምሴ ከዳኞቹ መሀል ብድግ አለ።

"ስህተት! ይሄ የኢምፔሪያሊስት ተረት ነው። ማነው ያስተማረሽ? አባትሽ?"

አዳራሹ ሳቀ። ጫልቱ ተጠየቀች፤ "የሩሲያ መኮንን ነው" አለች። ተጨበጨበላት። እኔ አላጨበጨብኩም። ሳል የያዘኝ መስዬ በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ። ለኔ ይሄም ድፍረት ነው።

የመበቀያ መንገዶች፦
1. ለበላዮቹ ማመልከቻ መጻፍ። (ማን ይታሰራል? እኔ።)
2. ሰላምታ መንሳት። (አያስተውልም።)
3. ለእግዜር መንገር። (ተነግሮታል።)
4. ሐሙስ።

አራተኛውን ሳስበው ሰውነቴን ሞቀኝ። ሐሙስ ጫልቱን አጅቦ በአውሮፕላን የሚሄደው እሱ ራሱ ነው። ጎሬ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ መንገደኛ የሚመዝነው ደግሞ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ዳኮታ የምንላት አውሮፕላን በሳምንት አንዴ ነው ጎሬ ሣሩ ላይ የምታርፈው። ከመቱ ሄጄ ሰውንም ዕቃውንም በቡና ሚዛን እመዝንና ደምሬ ለካፒቴኑ እሰጣለሁ። ሙሽራ ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን ይወጣል። ሜዳው ዝናብ ከጠጣ ካፒቴኑ ጭነት ያስቀንሳል።

ሐሳቤ እንዲህ ነው፤ ሚዛኑን ትንሽ ነካ አደርገዋለሁ፣ ጓድ በሬ ያህል ይመዝናል፣ ይቀራል። ለቶለሳ ነገርኩት። ቶለሳ አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ከሜዳው የሚያባርር ሰው ነው። "ገብሬ፣ ሰውዬው ላም ቢሆን በዱላ እገላግልህ ነበር" ብሎ ሳቀብኝ።

ማታ ትዕግስትን አፏን ለማስከፈት ብዬ ስለመብረር ጠየቅኳት። ከጀመረች አላቆመችም።

- ላባ ለብሰው ከማማ የዘለሉ ነበሩ። ተሰባበሩ።
- ከዚያ በጋለ አየር የተነፋ ትልቅ ከረጢት መጣ። መጀመሪያ ያሳፈሩበት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ነው። (አስካለ ሚስቴ "የኛ ዶሮ እንኳ አጥር አይዘልም" አለች።)
- አንድ ጀርመናዊ ከኮረብታ ላይ እየተንሳፈፈ ስንት ጊዜ በረረ። በመጨረሻ ወድቆ ሞተ።
- ወንድማማቾቹ ሞተሩን በቀኝ ስላደረጉት በራሪው በግራ በኩል በሆዱ ይተኛል። ሚዛን እንዲጠበቅ።

"የሩሲያውስ?" አልኳት።

"እሱም ሞክሯል አባዬ። ሞተሩ ከበደው። ብድግ ብሎ ወደቀ ይላሉ።" ድምፅዋ ያዘነለት ይመስላል። ለሱ!

እኔ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ሚዛኑን ካሳሳትኩ የምዋሸው ደምሴን አይደለም፤ ካፒቴኑን ነው። ሰው በአየር ላይ የሚሄደው በኔ ቁጥር ነው። ሚዛን መንካቱን ሰረዝኩት። በቀሌንም ደምሴ የቀማኝ መሰለኝ።

ረቡዕ

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ጫልቱ ከቡሬ በአውቶቡስ መጣች። ጓድ ደምሴ፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ይዣት እንድሄድ ብሎ እኔ ቤት እንድታድር አዘዘ! ስትገባ "ደህና ዋሉ ጋሼ" አለችኝ። ፊቴን አዙሬ ግድግዳ አየሁ።

አስካለ ጓዳ ጠርታ "ልጅቷ ምን አደረገችህ? እፈር እንጂ! የአባት ወግ ነው ይሄ?" አለችኝ። አፈርኩ። ግን አላናገርኳትም።

ልጆቹ አንድ አልጋ ላይ ናቸው። በመጋረጃው በኩል ይሰማል።

"እኔም እኮ ወንድማማቾቹን ነበር የማውቀው" አለች ጫልቱ። "አንቺ ላይ ሲጮህ ሰማሁና ቀየርኩት።"

ትዕግስትም "እኔም ብሆን እቀይር ነበር" አለች።

"ውሸትሽን ነው!"

"የሩሲያው መኮንን ይሙት፣ እውነቴን ነው!"

በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ኦሮምኛ ውስጥ ገብተው ሹክሹክታ ሆነ። ከቅዳሜ ወዲህ ልጄ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዝናብ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። በርታ አልኩት።

ሐሙስ

በተራ ልጻፈው።

ትዕግስት ጫልቱን ልሸኝ ብላ አብራን መጣች። ሜዳው ረስርሷል። ጓድ ደምሴ በላንድሮቨር መጣ፤ ሁለት ቆርቆሮ ማር፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ ጆንያ ሙሉ የማላውቀው ነገር።

"እኔን ተወኝ፣ ሰማንያ ብለህ ጻፍ" አለኝ።

"አይቻልም ጓድ። ሁሉም ይወጣል።"

"እኔ ቡና ነኝ?"

ቶለሳ ከኋላ "ቡና ቢሆኑማ ጓድ፣ ደረጃ አንድ ነበሩ" አለ። መንገደኛው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ያ አዳራሽ ትዝ አለኝ።

ጓድ ሚዛኑ ላይ ወጣ። እኔም እንደ ቡና ገበያ ወግ፣ ለሁሉም እንደማደርገው፣ ጮክ ብዬ ጠራሁ። "መቶ አራት!" ዕቃው ስልሳ ሁለት።

ዳኮታዋ አረፈች፤ ካፒቴኑ ወርዶ ሜዳውን በእግሩ ዞረ፣ ጭቃውን በተረከዙ ወጋ፣ ተመለሰ። መቶ ሃያ ኪሎ ይውረድ አለ።

"ልጅቷ ትቅር" አለ ጓድ ደምሴ። ዓይኑን እንኳ አላሸም! ያሸነፈችው፣ ያስጨበጨበላት ልጅ! ትናንት ግድግዳ ያየሁባት ልጅ። በቀሌ በሷ ላይ ሊያርፍ ነው።

"ልጅቷ አርባ ሦስት ናት" አልኩ። ወረቀቴን ለካፒቴኑ ዘረጋሁ። "ዕቃዎ ቢደመርባት እንኳን መቶ ሃያ አትሞላም።"

ካፒቴኑ ወረቀቴን አየ፣ ማሩን አየ። "ተወዳዳሪዋ ማናት? እሷ? እንግዲያው ጓድ፣ እርስዎና ዕቃዎ ትቀራላችሁ። አውሮፕላን ሹመት አያውቅም።" ከዚያ ጫልቱን "አጃቢሽስ?" አላት።

ጫልቱ የትዕግስትን እጅ አፈፍ አደረገች። "እሷ! ትኬቱ አጃቢ ይላል እንጂ ስም የለውም!"

ትዕግስት ሳልጠራት ሚዛኑ ላይ ቆመች። አርባ ሁለት። የወረደው መቶ ስልሳ ስድስት ነውና ይበቃል። ካፒቴኑ "ይቺ ናት አጃቢ?" ብሎ ሳቀ፤ አዲስ አበባ አስተማሪዎች ሜዳ ድረስ መጥተው እንደሚቀበሏቸው አረጋገጠና እሺ አለ። ልጄ ደረጃው ላይ ሆና፣ ጓድ ደምሴ እየሰማ፣ "ካፒቴን፣ መጀመሪያ የበረረው ማነው?" አለችው። ካፒቴኑ ወደ ጓድ አየት አድርጎ "ከላይ ሆነን እነግርሻለሁ" አላት።

ተነሱ። ጭቃው እስከ ክንፉ ተረጨ። ከዛፎቹ በላይ እስኪያልፉ አልተነፈስኩም።

ወደ መቱ የሚመለሰው መኪና የጓድ ደምሴ ላንድሮቨር ብቻ ነው። ከሱ ጎን ተቀመጥኩ፤ የማሩን ቆርቆሮ ጭኔ ላይ አስያዘኝ። መቱ ልንገባ ስንል እንዲህ አለኝ።

"ሚዛንህ ይመረመራል።"

አርብ

አስካለ መጀመሪያ አለቀሰች። "በቤት ጫማ! ልጄን በቤት ጫማ አዲስ አበባ!" ኋላ ለጎረቤት ሁሉ ትናገር ጀመር። ዝም በይ ብላት አትሰማም።

ቢወስዱኝ የምይዘው፦ ጋቢ፣ ሳሙና፣ የጨጓራዬ መድኃኒት፣ ወፍራም ካልሲ። አስካለ ሳትጠየቅ በሶ ጨመረች።

ሚዛኑን አልነካሁትም። አልነካሁትም። ግን አሮጌ ነው። ዝናብ ላይ ነው ያደረው። በራሱ ቢዛባስ?

ማንም አልመጣም። በር ሲንኳኳ ጨው ሊበደር የመጣ ጎረቤት ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ወሰዱኝ፤ ወደ ጎሬ። ከቡና መግዣው ማኅተም ያለባቸው የብረት ክብደቶችና አንድ ሽማግሌ መርማሪ አምጥተዋል። ጓድ ደምሴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሽማግሌው ብረቶቹን አንድ በአንድ ደረደረ፣ መርፌውን አየ፣ መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አየ።

"ልክ ነው" አለ።

ጓድ ደምሴ አላመነም። ጫማውን አውልቆ ራሱ ወጣበት። ሽማግሌው የዕድሜ ልክ ልማዱ ነውና አገር እንዲሰማ አድርጎ ጠራ።

"መቶ ስድስት!"

ያለ ጫማ። ቶለሳ ፊቱን ወደ ከብቶቹ አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። "ማሩን ብቻውን ጨረሰው" አለኝ ኋላ።

ጓድ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "ልጅህ መቼ ነው የምትመለሰው?" አለኝ።

"ሐሙስ" አልኩ። "ሜዳው ከደረቀ።"

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ጥያቄው ዛቻ ይሁን ሌላ አላወቅኩም። ሚዛኑን በጨርቅ አደረቅኩት፣ ሸራውን አለበስኩት። ከዚያ ከቶለሳ ጋር ሆነን ሣሩን በእግራችን ረገጥ ረገጥ አደረግን። ከላይ ደረቅ ብሏል። ከስሩ ገና ውሃ ይዟል።