የሰባተኛው ሰው ሕልም

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ቡሽራ፣

«ያለ ሰባተኛው ሰው ወረቀት ጥናቴ አይሞላም፤ እባክህ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ፈልግልኝ» ብለህ ጽፈህልኛል። ብዙ አልተቸገርኩም። የሰረቅኩት እኔ ነኝ።

ባዮሎጂን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የጀመርነው። አንተ ሌኒንግራድ ሄደህ ስለ እንቅልፍ ተመራመርክ፤ እኔ እዚህ ቀርቼ ተማሪዎቼን አስተኛሁ። ባለፈው ክረምት ባለ ብዙ ሽቦ ማሽንህን ይዘህ ስትመጣ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር «ጓድ ዶክተር» እያለ አዳራሹን ሲለቅልህ፣ የሳቅኩት በጥርሴ ብቻ ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ጥያቄህ ጥሩ መሆኑ ነው። ቃሚ ጫቱን ካቋረጠ ሲተኛ ዱካክ እንደሚመጣበት፣ ደረቱ ላይ ወጥቶ እንደሚያንቀው እዚህ ሕፃኑም ያውቃል። አንተ ግን «ያኔ አንጎል ውስጥ ምን ይካሄዳል?» አልክ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከዱካክ ጋር ስኖር እንዴት አልጠየቅኩም?

ዘጠኝ ቃሚዎችን ለሳምንት ጫት አስቆምክ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ ለጥፈህ አስተኛሃቸው። ጠዋት ጠዋት በር ዘግተህ ሕልማቸውን ጻፍክ፣ በፖስታ አሽገህ ቁጥር ሰጠህ። የእኔ ድርሻ ሙጫውን ከፀጉራቸው ማጠብ ነበር። ሰባተኛው አባቴ ነው።

አባቴን ታውቀዋለህ። ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ ዝናብና ስለ ጫት ብቻ ነው። ካንተ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። እኛ ደግሞ ያደግነው «መልካም ሕልም ለሚወዱት ሰው ይነገራል፣ መጥፎ ሕልም ግን ለማንም አይነገርም» እየተባልን ነው። ለማንም የማይነገረውን ላንተ ከነገረህ ምን ልበል? በዚያው ቀን ፖስታውን ከሣጥንህ ወሰድኩ።

ልከፍተው እያልኩ፣ እየፈራሁ፣ አምስት ወር አለፈ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ መልስ ልቀደው ስል አባቴ ደረሰብኝ።

«ምንድነው እሱ?»

«ለቡሽራ የነገርከው ሕልም። መጥፎ ሕልም ለሰው አይነገርም ስትለን አልነበር?»

«አቦ ተወኝ! ለሰው መች ነገርኩ? ለዶክተር ነው የነገርኩት።»

«ዶክተር ሰው አይደለም?»

«ወላሂ እኔንጃ! ሲሰማኝ አልደነገጠም፣ አላዘነም፤ ‹ስንት ሰዓት ላይ ነበር?› ነው ያለኝ። ደግሞ ሩቅ አገር ነው የሚሄደው። ይዞልኝ ይሂድ፣ ከዚህ አገር ይውጣ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብትነግረኝስ?»

ጥምጣሙን ፈታ፣ መልሶ ጠመጠመ። «ላንተ እንዴት ብዬ? የሞትከው እኮ አንተ ነህ።»

ከዚያ ፖስታውን አይቶ፣ «እና እስካሁን እዚሁ ነው ያለው?» አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ከቤት በወጣሁ ቁጥር እስከ መንገዱ ዳር ይከተለኛል። ጫት አቁሞ አልተኛም፣ ቅሞም አልተኛም፤ ይህንንም መዝግብ።

ፖስታውን ሳልከፍት ልኬልሃለሁ። እንደደረሰህ በአባቴ ስም ቴሌግራም ላክ። «ወጥቷል» የሚል አንድ ቃል ይበቃዋል።

እንዴት እንደሞትኩ እኔ አላውቅም። አንተ ግን ያን ጠዋት ሰምተህ ወጣህ፣ ከእኔ ጋር ምሳ በላህ፣ ቀለድክ፤ ምንም አላወቅኩብህም። እንዲህ ያለ ሆድ ስላለህም እቀናብሃለሁ።

እስካሁን በሕይወት ያለው ጓደኛህ፣
በክሪ መስዑድ