አባባ የፈረዱበት ሥዕል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኤፍሬም፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀትስ ረገብ አለልህ? የሺና ትንሿ ሶስናስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። መርሳም ብርቱካኑ ደርሶ መንገድ ዳር ተቆልሏል።

እዚህ ወልድያ ሞባይል ከሚጠግነው ጓደኛዬ ከፍፁም ጋር የጀመርነው የኮምፒውተር ጨዋታ ሊያልቅ ነው። የመርሳን የመስኖ ውሃ ለገበሬው ማዳረስ ነው ጨዋታው። ሥራችንን የምናኖረው እያንዳንዱን ለውጥ መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም ነው። ጽሑፍ ከሆነ ሁለታችንም ብንነካካው ያዋህደዋል፤ ሥዕልና ድምፅ ግን ፋይላቸው ከባድ ነው፣ አይዋሃድም። ይህን ሳናስብ ትልቁን የመርሳ ሥዕል በአንድ ሰሞን ከፈትነው። እኔ የብርቱካኑን ማሳ ሣልኩ፣ እሱ ድልድዩን። ሁለቱም ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ ጨዋታው ውስጥ የሚገባው ግን አንዱ ብቻ ስለሆነ ሌላው መጣል አለበት። የሁለት ሳምንት ድካሜን እንዴት ልጣል? እሱም በጄ አላለም። ጨዋታው ለሕዝብ ሊታይ ወር ሲቀረው ተኳርፈን ሥራው ቆመ። እውነቱን ልንገርህ፣ አልቅሻለሁ።

በዚህ መሃል አባባ ለጉዳይ ከመርሳ ወልድያ መጡ። የውሃ አባትነታቸው መቼ ይለቃቸዋል፤ የውሃ ተራ እንደሚዳኙ ሁሉ ሁለታችንንም አስቀምጠው አዳመጡን። ከዚያ መጀመሪያ የከፈተው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ፍፁም ነበር።

«እንግዲያማ ተራው የሱ ነው። አንቺ ልጄ፣ በሰው ተራ ቦይ ሰብረሻል» አሉኝ።

ለልጃቸው እንደማያዳሉ መቼም ታውቃለህ። አፈርኩ፣ ግን ሳቄም መጣ። ፍፁም በዚያው ቀን ፕሮግራሙን ሲያገላብጥ፣ አንዱ የያዘውን ፋይል ሌላው እንዳይነካው የሚቆልፍበት መላ አገኘ። እኔም ተራዬን ጠብቄ በድልድዩ ሥዕል ላይ ብርቱካኑን እንደገና ሣልኩት። በአራት ቀን አለቀ፤ ከፊተኛውም አማረ። ባለፈው ቅዳሜ አዳራሽ ስናሳየው አባባ ራሳቸው ተቀምጠው ተጫወቱ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበላቸው፤ ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ።

አሁን የቀረው ለጨዋታው ማጀቢያ የሚሆነው የአምባሰል ዘፈን ብቻ ነው። ፍፁም ከዚሁ ዘፋኝ እንፈልግ ቢለኝ እሺ አላልኩም። አንተን ፕሮግራሙ ውስጥ አስመዝግቤ የዘፈኑን ፋይል በስምህ ቆልፌዋለሁ። ፍፁም ጠዋት ጠዋት ሊከፍተው ሲሞክር «በኤፍሬም ተይዟል» ይለዋል። ክራርህን ከሰቀልክበት አውርድና በስልክህም ቢሆን ቀርፀህ ላክልን።

የሺን ሰላም በልልኝ፤ ሶስናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማማ ስምህን ሳትጠራ አትውልም፣ ሰላም ብላሃለች። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ የፈለገውን ያህል ይቆይ፣ ተራውን ማንም አይነካበትም ይላሉ።

እህትህ ብሌን
ወልድያ፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.