ጥቁሩ ሲሊንደር ቦታው ላይ አልነበረም

ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ቶፋዛል፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤንነትህ እንዴት ነው? የእማዬ ሳል ተሻላት ወይስ ብርዱ አባሰባት? ባለቤትህ ሳሌሃና ትንሿ ልጃችሁ ቱኒ ደህና ናቸው? ወንዙ ዘንድሮም ከማሳችን ቆርሶ እንደወሰደ ሰምቼ ሆዴ ባባ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ይሄም ደህንነት ከተባለ። ጋሼ፣ ይህን ደብዳቤ እንደወትሮው ለእማዬ ጮክ ብለህ እንዳታነብላት። መጀመሪያ ብቻህን አንብበው።

እህታችን ኮሂኑር ተቃጥላ እዚህ ዳካ ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው።

ባለፈው ወር ፋብሪካችን የእሳት አደጋ ሠራተኛ አስመጥቶ ጥቂት ሰፊዎችን ለግማሽ ቀን አሠልጥኖ ነበር። ከእኛ የስፌት መስመር የተላከችው እሷ ናት። ስትመለስ "ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ውሃ ነው፣ ለጨርቅና ለወረቀት። ጥቁሩ ጋዝ ነው፣ ለኤሌክትሪክ። ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ ከረጨሽ በውሃው መጥቶ አንቺኑ ይይዝሻል" ብላ አስረዳችኝ። እኔ ደክሞኝ ስለነበር "አንቺ ደግሞ አስተማሪ ሆንሽብኝ!" ብዬ ሳቅኩባት።

ማክሰኞ ጠዋት ደረጃው አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ተንጣጣና ነደደ። ሥሩ የተቆለለው ጨርቅም ተያያዘ። መውጫችን ያ ደረጃ ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ሴት ተተራመሰ። ኮሂኑር ወደ እሳቱ ሮጣ "ሞርጂና፣ ጥቁሩን አምጪልኝ! መብራቱን አጥፉ በያቸው!" አለችኝ። ግድግዳው ጋ ብደርስ መስቀያው ባዶ ነው። ለካስ ሥራ አስኪያጁ እንዳይሰረቅ ብሎ ቢሮው ቆልፎበታል። ያገኘሁትን ቀዩን አንስቼ አቀበልኳት። "ይሄ እኮ ውሃ ነው!" አለች። አለቃችን ሞታሌብ ከኋላ "ምን ትጃጃያለሽ፣ እርጪው!" ይላል። ጋሼ፣ ከእሱ ድምፅ በላይ የኔ ድምፅ ነበር። "በእማዬ ሞት፣ እርጪው! ማለቃችን ነው!" አልኳት።

ረጨችው። ብልጭ ሲል አየሁ፤ አሽቀንጥሮ ጣላት። ወዲያው ዘበኛው ዋናውን መብራት ከታች ሲያጠፋ፣ የቀሩት ሴቶች በዚያው በቀዩ የጨርቁን እሳት አጠፉት። ሁላችንም ወረድን። አንድ ሰው አልሞተም።

ቀኝ እጇ ግን ከስሏል። ሐኪሙ "ካልተቆረጠ መርዙ ይገድላታል፣ እስከ ነገ ፈርሙ" አለ። እሷ "ወንድሜ ሳይመጣ አይሆንም! ያለ እጅ ማን ማሽን ላይ ያስቀምጠኛል?" ብላ አለቀሰች። ደብዳቤ አንተ ጋ እስኪደርስ አምስት ቀን ይፈጃል። ትኩሳቱ ራሷን ሲያስታት እኔ ፈረምኩ። ሲሊንደሩን ያቀበልኩ እኔ፣ እጇን ያስቆረጥኩም እኔ።

ሥራ አስኪያጁ "ሥልጠናዋን ረስታ ነው" የሚል ወረቀት ይዞ መጥቶ ፈርሚበት አለኝ። "እሷ አልረሳችም፤ ቁልፉ ያንተ ኪስ ውስጥ ነበር" አልኩት። ከሥራ አባረረኝ። ይሁን።

ኮሂኑር ግን እህል አትቀምስም። እኔ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትናንት ትኩሳቱ ተመልሶባታል። ጋሼ፣ ድረስልኝ። መርገም ካማረህ እዚሁ መጥተህ ርገመኝ፤ ብቻ ና። ከአንተ እጅ ምናልባት አንድ ጉርሻ ትቀበል ይሆናል።

ሳሌሃን ሰላም በልልኝ፤ ቱኒን ጉንጯን ሳምልኝ። አጎታችን ካሼም ዱዓ እንዲያደርጉልን ንገራቸው። የእማዬን እግር ነክተህ ተሳለምልኝ። "ኮሂኑር ሰላም ብላሻለች" በላት። አላለችም፤ አንተ ግን በላት።

እህትህ ሞርጂና
ዳካ፣ ከሆስፒታሉ የቃጠሎ ክፍል በር ላይ
በቤንጋሊ አቆጣጠር ፋልጉን 3 ቀን 1405